የጋቢናው መስታወት

ደላላው መኪናዋን ሲያሳየኝ ደጋግሞ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የሴት እጅ ናት።» በእኛ አገር የመኪና ገበያ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ሰካራም ያልነዳት፣ ገጠር ያልወጣች፣ ጭነት ያላየች እንደ ማለት ነው። እኔም አመንኩት። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም እንጂ ባገኛት የምጠይቃት ብዙ ነገር አለኝ። መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዝ ክላክሱ ለምን በራሱ ይጮሃል? የኋላው ቀኝ በር ለምን ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም? ሞተሩ እንዳይግል ተብሎ በሚያዝያ ፀሐይ ማሞቂያ ከፍቶ መንዳትስ የማን ፈሊጥ ነው?

ከሁሉ የባሰው ግን የጋቢናው መስታወት ነበር። በእጀታ የሚዞር የድሮ መስታወት ነው። እጀታውን ሲያዞሩት ይወጣል፤ መንገዱ ጎርበጥ ሲል ደግሞ እየተንሸራተተ ተመልሶ በሩ ውስጥ ይሰምጣል። ከቤታችን እስከ ቦሌ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚሰምጥ ይገባዋል።

መኪናዋን የገዛሁት ለአባቴ ስል ነው። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን ሁለታችን ብቻ ነን፤ እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አባቴ ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ደከመ። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እጁ ግን እምቢ አለ። ሐኪሙም ሳይደብቅ ነገረን፤ የእጁ ነገር የሚለየው በእነዚህ ወራት ነው፣ ፊዚዮቴራፒ ይመላለስ፣ ቤትም እጁን ያሠራው፣ አለዚያ እንዲሁ ሆኖ ይቀራል።

ፊዚዮቴራፒው ቦሌ ነው። መጀመሪያ በሚኒባስ ሞከርነው። መገናኛ ላይ ታክሲ የሚሳፈረው ተጋፍቶ ነው፣ አባቴ ደግሞ እግሩን እየጎተተ ነው። ሰዉ ደግ ነው፤ «አባባ ይግቡ፣ አሳልፏቸው» እያለ መንገድ ከፈተለት። ደግነቱ ግን ከግፊያው ይልቅ ጎዳው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ተሳቢ እየጎተተ ወደብ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ቤት ገብቶ እራቱን ሳይቀምስ ተኛ። እኔም ደላላ መፈለግ ጀመርኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያስጨነቀኝ ከእጁ ይልቅ ማዕዱ ነበር። አባቴ በግራ እጁ ማንኪያ ይዞ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው የሚበላው። ግራ እጁን ሰው ወደሚቆርስበት ትሪ ከሚሰድ ቢራብ ይመርጣል። በማንኪያ ይጉረሱ መባልም አይፈልግም። ስለዚህ ሠርግ ቀረ፣ ለቅሶ ቤት ቀረ፣ ሰንበቴ ቀረ። ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ፣ ጉርድ ሾላ ነው ቤቷ። ከሕክምና ስንመለስ የምናልፈው በደጇ ነው። በሽታው ሳይመጣ የእሑድ ምሳ እሷ ቤት ነበር። አሁን በየጊዜው እየደወለች «በደጄ እያለፋችሁ?» ትላለች፤ እሱም «ሌላ ጊዜ» ይላታል። እጁ ካልተመለሰ ይህ ሰው እስኪሞት ድረስ ለበር ጀርባውን ሰጥቶ ሊበላ ነው። እኔ የፈራሁት ይህንን ነበር።

እንግዲህ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ገና ወጣት ልጅ ናት፣ ቤት ሆኖ የሚጨምቃት የላስቲክ ኳስ ሰጠችው። አባቴ ኳሷን አገላብጦ አየና «ልጅ ነኝ እንዴ?» አለ። ቤት ስንገባ ከሶፋው ጀርባ ወረወራት። አወጣኋት፤ መልሶ ወረወራት። ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። አባቴን የሚያውቁ ሰዎች ለምን ትደክሚያለሽ ይሉኛል። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም።

መንገዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አባቴ ጋቢና ተቀምጦ ፔዳል በሌለበት ወለሉን ይረግጣል። «ፍሬን! ፍሬን ያዢ እንጂ!» ይለኛል። ፊት ለፊታችን የቆመው መኪና ኳስ ሜዳ የሚያህል ርቀት ላይ ነው። መንገድም ይመራኛል፤ እሱ የሚያውቃቸው መታጠፊያዎች ግን ከፈረሱና ከታጠሩ ቆይተዋል። «በዚህ ግቢ» ሲለኝ እጁ የሚያመለክተው አዲስ የብስክሌት መንገድ ነው።

በዚያ ላይ ጎረቤቱ አለ። በእኛ ሰፈር የታክሲ ሰልፍ አጠገብ ባዶ የኋላ ወንበር ይዞ ማለፍ ነውር ነው። «ወደ መገናኛ ነሽ?» ሲሉ እምቢ አይባልም። ሦስት ሰው ከኋላ ይጫናል፣ መኪናዋ ታቃስታለች፣ ሙቀቷ ሲጨምር ማሞቂያውን እከፍታለሁ፣ ሁላችንም እንቀቀላለን። መገናኛ ስንደርስ ወርጄ፣ ዞሬ፣ የኋላውን በር ከውጭ እከፍትላቸዋለሁ። ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክስ ይነፋል። ወደ ግራ ስታጠፍ ደግሞ የኔዋ በተራዋ ትጮሃለች፣ ትራፊኩ ዞር ብሎ ያየኛል። ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በአጠገቤ ሽው ብለው ሲያልፉ የማልመኝላቸው ክፉ ነገር የለም።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ጎረቤታችን አባቴን ሊያጽናኑ ፈልገው «አይዞዎት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉት።

«እግሬማ ሄዷል» አለ አባቴ ሳይዞር። «የቀረው እጄ ነው።»

መስታወቱ ሲሰምጥ አባቴ መጀመሪያ ላይ ግራ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ ጫፉን ይይዝ ነበር። «ይሄ ምን መስታወት ነው፣ ከፍየል ጋር የተጓዝኩ መሰለኝ፤ እንደ ያዝኩት ልደር?» እያለ ያጉረመርማል። እኔ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። ከሲኤምሲ ወዲህ የግንባታ አቧራ በሱ በኩል ይገባል፤ ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ ዝናቡ ገባ። በሽተኛ አባቴን ላሳርፈው ብዬ በገዛኋት መኪና ውስጥ መስታወት ደጋፊ አደረግሁት። በጣም አፈርኩ። ካርቶን አጥፌ በመስታወቱና በበሩ መካከል ወተፍኩለት። ወዲያው ይጠፋል። ሌላ ወተፍኩ፤ እሱም ጠፋ። በፕላስተር አጣበቅሁት፤ በማግስቱ ፕላስተሩ ተልጦ ወለሉ ላይ አገኘሁት። መኪናዋን ሰደብኳት፣ ደላላውን ሰደብኩት፣ ያችን የማላውቃትን ሴትም አልማርኳት።

እንዲህ እያልን ስንመላለስ፣ አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ሁለት ጣቶቿን ለአባቴ ሰጥታ «ይጭመቁኝ» አለችው። ጨመቃት። ፊቷ ፈካ።

«አባባ፣ በጣም ጎበዝ ነዎት። ቤት ምን እየሠሩበት ነው?»

«ያቺን ኳስ ነዋ» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ኳሷ ከሶፋው ጀርባ አቧራ ለብሳ እንደምትገኝ አውቃለሁ። በልጅቷ ፊት ላዋርደው አልፈለግሁም። ግን ተናደድኩ። እሷ ትደክማለች፣ እኔ እደክማለሁ፣ ፈጣሪ ይጨምርበታል፣ እሱ ደግሞ ይዋሻል።

በዚያው ሰሞን መኪናዋን ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ በሩን ፈትቶ ውስጡን በባትሪ አየና «ትንሽ ነገር ናት፤ ነገ ውሰጃት» አለኝ። በነገታው ዕቃው አልተገኘም። በሚቀጥለው ቀን ዕቃው ተገኝቶ ልኩ አልሆነም። ከዚያ መብራት ጠፋ። ከዚያ መካኒኩ ራሱ ጠፋ፣ ለቅሶ ሄዷል ተባለ። በዚህ መሀል አባቴ ከሕክምናው ቀረ፣ እኔም ከሥራ መልስ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ማምሸት ያዝኩ። በመጨረሻ ከወደቀች ሌላ መኪና ዕቃ አውጥቶ ገጠመልኝ። ወደ ቤት ስነዳ ጉድጓድ እየመረጥኩ ገባሁበት። መስታወቱ ንቅንቅ አላለም። ያቺን መኪና ከገዛሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ አባቴን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ላይ መኪናዋ ነጠር ስትል እጁን አነሳ። መስታወቱ አልወረደም። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

«አሠራሁታ።»

«ማን አሠሪው አለሽ?»

«አባዬ፣ አንተው አይደለህ በየመንገዱ የምታጉረመርመው?»

አያት አደባባይን አለፍን፣ ሲኤምሲ ደረስን፣ ፍሬን ያዢ እንኳን አላለኝም። መብራት ላይ ስንቆም ወደ ውጭ እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እኔ እኮ ይዤው ነበር።»

ያኔ ዞር ብዬ አየሁት። ጣቶቹ እንደ ልማዳቸው የመስታወቱን ጫፍ ፍለጋ በሩ ላይ ተዘርግተዋል። የቀኝ እጁ ጣቶች ናቸው። መቼ ከግራው ወደ ቀኙ እንዳዛወረው አላውቅም። ካርቶኖቹ የት እንደ ጠፉ፣ ፕላስተሩን ማን እንደ ላጠው፣ ልጅቷ ለምን ፊቷ እንደ ፈካ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ኳስ መጭመቅ የበሽተኛ ነገር ነው። መስታወቱ ግን ሥራው ነበር፤ መኪና ላይ ያገኘው ሥራ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ክላክስ ተነፋብኝ፣ እኔ ግን አልሄድኩም። ሳቅ መጣብኝ፣ እንባም መጣብኝ፣ ከሁለቱም የበለጠው ንዴት ነበር። አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት? በዚያች መኪና ላይ ለእኛ ይሠራ የነበረው አንድ ነገር ብልሽቱ ነበር፤ እሱንም ሳምንት ሙሉ ለምኜ አስጠገንኩት።

ከሕክምናው መልስ በቀጥታ ጋራዡ ሄድን። መካኒኩ ሲያየን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ደግሞ ወረደ?»

«አልወረደም። እንዲወርድ አድርግልኝ።»

«የሠራሁትን መልሼ ላበላሽልሽ?»

«አዎ።»

አየኝ፣ አባቴን አየው፣ መልሶ እኔን አየኝ። «እህት፣ ሰላም ነሽ?»

አባቴ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አወጣና «ጨርሰህ አትፍታው» አለው። «ትንሽ ያዝ፣ ትንሽ ለቀቅ ያድርግ። እንደ በፊቱ።»

ለመሥራት ያን ሁሉ ቀን የፈጀበትን ለማበላሸት፣ ከጎን ካፌ ያዘዝኩት ማኪያቶ እስኪመጣ እንኳን አልፈጀበትም።

ክረምቱን እንዲያ ከረምን። አባቴ መስታወቱን ይዞ ያጉረመርማል፣ እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ እነዳለሁ፣ ዝናቡ የቀኝ ትከሻውን ያረጥበዋል። አንድ ቀን ከቦሌ ስንመለስ አክስቴ እንደ ልማዷ ደወለች። «ሌላ ጊዜ» እስኪላት ጠበቅሁ። ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ በአገጩ ወደ ጉርድ ሾላ መንደር ጠቆመኝ።

«ወደ ውስጥ ታጠፊ።»

ወደ ግራ ታጠፍኩ፤ ክላክሱ ጮኸ። አክስቴ ጩኸቱን ሰምታ በር ላይ ወጥታ ጠበቀችን።

ትሪው መሀላችን ተቀመጠ። አባቴ ታጠበ፣ እጁን አራገፈ፣ ቀኙን ሰደደ። የመጀመሪያው ጉርሻ ከትሪው ሳይነሳ ተበተነ። አክስቴ ጣሪያ ጣሪያ እያየች ስለ ውኃ መጥፋት ታወራለች፤ እኔ የጠፋ ቴሌቪዥን አያለሁ። ሁለተኛው ተነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ምስሩ ሱሪው ላይ ተንጠባጠበ፣ እንጀራው አፉ ገባ። አላመጠው። ከዚያ ለሦስተኛው እጁን ሰደደ። እኔ የበላሁት ምን እንደሆነ አላስታውስም።

ስንወጣ ዶፍ ዝናብ ይወርድ ነበር። አስፋልቱ ላይ ሳንደርስ መኪናዋ አንዴ ነጠር አለችና መስታወቱ ሰመጠ። የአባቴን እጅ ጠበቅሁ። አልተነሳም።

«አባዬ፣ መስታወቱ!»

«ዛሬ አልይዝም» አለ። «እጄ ምሳ በልቶ ደክሞታል።»

እስከ የካ አባዶ ድረስ ዝናቡ በሱ በኩል እየገባ እኔን ጭምር አራሰኝ። መኪናዋን እየረገምኩ ነዳሁ፤ እሱ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ወለሉን እየረገጠ «ፍሬን፣ ፍሬን ያዢ» ይለኛል።