ፀሐይ ላይ ያሰጣኋቸው ድንጋዮች

ሎጊያ ላይ የባትሪ ድንጋይ ስገዛ በመዳፌ እየመዘንኩ ነበር። ደብረ ብርሃን ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እኛ ዘንድ ከባድ ድንጋይ ሙሉ ነው፣ ቀላሉ ባዶ። ባለ ሱቁ፣ ከወሎ የመጣ ሰው፣ አንድ ጥንድ ብርማ ድንጋይ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ።

"ወንድሜ፣ ለእግር መንገድ ይሄ ነው። ሊትየም ይሉታል። አይከብድህም፣ ቶሎም አያልቅብህም፣ ሙቀቱንም ይችላል። ወላሂ አልዋሽህም።"

"ባዶ ቆርቆሮ ልትሸጥልኝ ነው?" አልኩትና ከከባዱ አንድ ደርዘን ገዛሁ። አብሮኝ የነበረው መንገድ መሪዬ፣ ጎልማሳ የአፋር ሰው፣ ለትንሿ ሬዲዮው ከቀላሉ አንድ ጥንድ ገዛ። ተታለለ ብዬ በሆዴ ሳቅሁበት።

ያኔ ሰመራ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርላቸውን ሰፈሮች ቦታን በቁጥር በሚያሳይ የጂ ፒ ኤስ መሣሪያ እመዘግብ ነበር፤ ድንጋዩም ለእሱ ነው። ቦታው በቁጥር ያልተመዘገበ ሰፈር ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። መኪና የማይደርስባቸው ሰባት ሰፈሮች ስለነበሩ ከአዳይቱ ተነስተን ስድስት ቀን በእግር ልንሄድ ወጣን።

የመጨረሻው፣ ሰባተኛው፣ የመንገድ መሪዬ የራሱ ሰፈር ነበር። ለአዳይቱ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ እንደሆነ ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

"ታዲያ ለምን ከዚያ አልጀመርንም?"

"ሰው፣ መንግሥትን ወደ ቤቱ ነዳ ይለኛል" አለኝ።

ሚስቱ ጎህ ሲቀድ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ከሰዓት በኋላ እንደምትመለስም የነገረኝ ጠይቄው ነው።

አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብለው ያዩትንም የሰሙትንም አንድ ሳያስቀሩ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይባላል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አሁን ይነሳሉ፣ አሁን ይነሳሉ እያልኩ መሣሪያውን ሳላጠፋ አፈጣለሁ፣ መሣሪያውም ድንጋዬን ይበላል።

በአራተኛው ቀን የድንጋዮቹ ጉዳይ አሳሰበኝ። እኛ ቤት የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ይነቃል፤ የአባቴ ሬዲዮ ዕድሜውን የገፋው በዚሁ ብልሃት ነው። ስለዚህ ያለቁትንም፣ ይጠንክሩ ብዬ ያልተነኩትንም፣ ጥቁር አለት ላይ አሰጣኋቸው።

"እዚህ ፀሐይዋ ሌላ ናት" አለኝ መንገድ መሪዬ።

"ፀሐይ ፀሐይ ናት" ብዬው ጥላ ውስጥ ተኛሁ። ስነቃ ሁሉም ነጭ አረፋ ደፍቀዋል። እሱ አንድ በአንድ ለቅሞ ከረጢቴ ውስጥ ከተተልኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መሣሪያው ውስጥ በቀረው ጥንድ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሰፈር እንደምንም መዘገብኩ። የሰባተኛው ሰፈር ጎጆዎች ደጃፍ ስንደርስ ግን መሣሪያው ጭልም አለ። ድንጋዮቹን አውጥቼ አሸኋቸው፣ በጥርሴ ነከስኳቸው። ምንም የለም። ስድስት ቀን የመራኝን ሰው ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ።

ተቀመጠና ከሽርጡ እጥፋት በጨርቅ የተጠቀለለችውን ሬዲዮ አወጣ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አልከፈታትም ነበር፤ "ለማን ሠርግ ነው የምትቆጥባት?" እያልኩ ስቀልድበት ነው የከረምኩት። ሁለቱን ቀላል ድንጋዮች አውጥቶ "ያዝ" አለኝ።

መሣሪያው በራ። የሰፈሩን ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

"አንብብልኝ" አለ።

አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ደገመው፤ ተሳሳተ፣ እንደገና አስነበበኝ፣ እንደገና ደገመው። አንድም ሳይስት እስኪለው ድረስ አለቀቀኝም።

"ወረቀቱ ላይ አለ እኮ" አልኩት።

"ወረቀቱ ካንተ ጋር ይሄዳል" አለኝ።

የቁፋሮው መኪና እዚያ ሰፈር የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እኔም አብሬው መጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሰውየውን ረስቼው ነበር። እሱ ግን አስቀምጦኝ ዳጉውን ጀመረ። ስለ ዝናቡ፣ ስለሞቱት ግመሎች፣ ስለተወለደችው ልጅ ነገረኝ። የዚያን ቀን ግን በትዕግሥት ሰማሁት። ሲጨርስ፣ እንደ አንድ ወሬ አድርጎ፣ የሰፈሩን ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለልኝ።

ማስታወሻዬን ገልጬ ተከታተልኩት። አንድም አልሳተም። ቀና ስል ሚስቱ ባዶ ጀሪካን ይዛ ከኋላው ቆማለች፤ ከንፈሯ ቁጥሩን አብሮት ይል ነበር።