የአንድ ጣባ ሙቹዋ ክብደት

እስከ ዛሬ ሙቹዋ ስበላ ያንቀኛል። ከቆጮ የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ የበዓል ምግባችን ነው። ወላይታ ተወልዶ ሙቹዋ የሚያንቀው ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እሰይ፣ ይበለኝ!

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ፣ ክልልና ዞን የሚባለው ነገር ገና አዲስ ሳለ፣ በጤና ዲፕሎማ ይዤ ሶዶ ውስጥ አንድ የሥነ ምግብ ፕሮጀክት ገባሁ። ሥራዬ ውጭ አገር የተዘጋጀ የአመጋገብ መጠይቅ ለእኛ ሰው እንዲሆን ማስተካከል ነበር። ወረቀቱ ሰው ትናንት ስንት ቁራጭ ዳቦ፣ ስንት ማንኪያ አይብ እንደበላ ይጠይቃል። ዳቦውን ሰርዤ ቆጮ፣ ድንቹን ሰርዤ እኛ ቦይና የምንለውን ጎደሬ አስገባሁ። እዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። የቀረው መለኪያው ነው። ሱፐርቫይዘሬ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ረጋ ያለ ሰው፣ የወጥ ቤት ሚዛን ሰጠኝ። ገሱባ አካባቢ አሥር ቤት ገብተህ፣ እናቶቹ በአንድ ጊዜ የሚበሉትን በሸክላ ጣባ አስቀርበህ መዝን፤ አማካዩን አንድ ጣባ ብለን እንይዛለን አለኝ። ሲያስረዳኝ አንገቴን ከመነቅነቅ በቀር አንድም ነገር አልጠየቅሁ። ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነበራ!

መንገዱን የበልግ ዝናብ አጨቅይቶት፣ ጭቃ ሳቦካ የመጀመሪያው ቤት ስደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ያገኘኋት ሴት የአራት ልጆች እናት ናት። የመጨረሻው ጀርባዋ ላይ ነበር፤ ጠጉሩ የሳሳ፣ እግሩ ያበጠ። በወላይትኛ ሥራዬን ነገርኳትና ትናንት የበላሽውን ያህል ጣባ ላይ አድርገሽ አሳዪኝ አልኳት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን እኔ አንቺ እላታለሁ፣ እሷ አንቱ ትለኛለች። ደግሞ ምንም አልመሰለኝም።

ትንሽ ይቆዩኝ ብላ በጓሮ ወጣች። በግድግዳው ክፍተት አየኋት። ጎረቤት ገብታ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ነገር ነጠላዋ ሥር ይዛ ተመለሰች። ቆይቶ ጣባው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ቅቤው በዙሪያው እየወረደ፣ ሙቹዋ ቀረበልኝ። በሚያዝያ! ጓዳ ሁሉ ባዶ በሆነበት ወር! እንግዳ ቤቷ ገብቶ ምግብሽን አሳዪኝ ሲላት፣ እፍኝ የማትሞላ ቦይና አውጥታ ማሳየት ለእኛ አገር ሴት ሞት ነው። ይህን እኔ ሳላውቅ ማን ሊያውቅ? እናቴ እንዲሁ ስታደርግ አይቼ ነው ያደግሁት። እኔን የአገሩን ልጅ የቀጠሩኝም ይህን ያውቃል ብለው ነው።

መዘንኩት፤ ጻፍኩት። የቀረበ ምግብ መመለስ ነውር ነው ብዬ ደግሞ ተደላድዬ በላሁት፤ ጣባውን በጣቴ ጠረግሁት። ልጁ ከጀርባዋ አንገቱን አውጥቶ እጄን በዓይኑ ይከተላል። ጣፍጧል አልኳት። ሆዴ ሞልቷል፣ ዝናቡ አላባራም፣ ዘጠኙን ቤት እንዴት ብዬ ልዙር? ያንኑ ክብደት ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያደረግሁ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩና ሶዶ ገባሁ። ሱፐርቫይዘሬ ፎርሙን አገላብጦ ሥራህ ንጹሕ ነው አለኝ። እኔም አመሰግናለሁ አልኩት!

ብዙም ሳይቆይ መጠይቁ በዚያው ቀበሌ ሥራ ላይ ዋለ። የምግብ እጥረት ያለበት ቤት ተለይቶ ለልጆቹ አልሚ ዱቄት ሊሰጠው ነው። ሴትዮዋን በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ጠየቃት፤ እውነቱን ነገረችው። በቀን አንድ ጣባ ቦይና አለች። አንድ ጣባ ማለት እሷ ዘንድ ከጣባው ሥር የምትቀመጠው ናት። በእኔ ቁጥር ሲሰላ ግን እስከ አፉ የሞላው ሆነና ቤቷ የጠገበ ቤት ተባለ። ልጇ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም።

ልጁን አዝላ፣ ከገሱባ ገሚሱን መንገድ በእግሯ፣ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ሳያት ክው አልኩ። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ምነው በጮኸችብኝ! አቀርቅራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አንቱን ዋሽቼ ነው ይህ የደረሰብኝ። ያን ቀን ያቀረብኩት የእኔ አልነበረም፤ ቅቤውም ቆጮውም የጎረቤት ነው። ሥራዎን አበላሸሁብዎ። ይቅር ይበሉኝ፤ ልጁን ግን በእኔ ጥፋት አይቅጡብኝ።»

ሱፐርቫይዘሬ አጠገባችን ያለው ክፍል ውስጥ ነበር፤ በሩም ክፍት ነው። ገብቼ፣ ስትበደር አይቻታለሁ፣ የዘጠኙም ቤት ቁጥር የፈጠራ ነው ብዬ ብነግረው ዝርዝሩ እንደገና ይሠራ ነበር። እኔ ከሥራ እባረር ነበር፤ ከዚያ የባሰ ምን ይመጣብኝ ነበር? ልጁ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ያየኛል።

«ግድ የለም፤ ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።

ስለ ልጁ ምንም አላልኩም። ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችኝ።