የረጋ ቁጥር

የእኛ ሰውዬ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነው። ከሁለት ጤና ጣቢያዎችና አልፎ አልፎ ከሚደረግ የቤት ለቤት ጥናት የሚመጣውን የሕፃናት ተቅማጥ ቁጥር አዋህዶ አንድ ግምት ያወጣል። ሁሉንም ምንጭ እኩል አያምንም፤ ከወር ወር ለሚዋዥቀው ትንሽ ክብደት ይሰጣል፣ ለረጋው ብዙ። ይህን ቀመር ያወጣው ራሱ ነው፤ አለቃው በሰው ፊት ሲያመሰግኑት ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

የታችኛውን ጤና ጣቢያ የምትመራው ታላቅ እህቱ ነርስ ናት፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ነች። ወንዙ ሲሞላ የሰፈሩ ውኃ ይበከላልና የእህቱ ቁጥር ሽቅብ ይወጣል፤ ሲደርቅ ቁልቁል ይወርዳል። የላይኛው ጣቢያ ቁጥር ግን ክረምት ከበጋ ንቅንቅ አይልም። ቀመሩ የላይኛውን አመነ፣ ግምቱ ዝቅ አለ፣ «ለዚህ ለዚህማ አንድ ጣቢያ ይበቃል» ተባለና የእህቱ እንዲዘጋ ተወሰነ።

ሰውዬው ነገሩ ከነከነውና ወደ ላይኛው ጣቢያ ወጣ። ቁጥሩ ለምን እንደማይለዋወጥ ሲጠይቀው መዝጋቢው ሳቀበት።

«ማን ይቆጥራል ጌታው? ያለፈውን ወር እየገለበጥኩ እልካለሁ። እስከዛሬ ማንም ምን ብሎኝ አያውቅም።»

እየሮጠ አለቃው ዘንድ ሄደ።

«ተፈርሞ አልቋል» አሉት። «ደግሞ የእህትህ ጣቢያ መሆኑ ቢሰማ ምን ሊባል ነው? አርፈህ ሥራህን ሥራ!»

አረፈ። ሥራውን እንዳያጣ ፈራ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ሲመሽ እህቱ ዘንድ ሄደ። ነጭ ጋዋኗን እያጣጠፈች ነበር።

«እኔን ያላመነኝ ማነው?» አለችው።

«ቀመሩ ነው፣ እትዬ።»

«አባት የለውም እንዴ ይሄ ቀመር?»

አንገቱን ደፋ። እሷም ራት አቀረበችለት።

በክረምቱ ወንዙ እንደ ልማዱ ሞላ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው የተዘጋ በር አገኙ። አቅም ያላት ዳገቱን ወጣች፣ የሌላት ወደ ቤቷ ተመለሰች። የላይኛው ጣቢያ ቁጥር ያው እንደነበረ ነው።

ዓመቱ ሲዘጋ አለቃው ግምቱን አይተው ተደሰቱ።

«ጎበዝ! ያ የሚያምሰን ቁጥር ጠፋ እኮ!»

ከታችኛው ሰፈር ስንት ሕፃን እንደተቀበረ ሊነግራቸው ፈለገ። አያውቀውም። ትቆጥር የነበረችውን እህቱን ከቦታዋ ያስነሳት እሱ ነው።