የሀያት ፍንጭት

ከጊምቢ መነሻ

የፊት ጥርሱ የተሰበረ ሰው ጊምቢ ወዳለው ክሊኒኬ ሲመጣ ከሁለት አንዱን ነበር የምለው፤ ወይ «ይነቀል»፣ ወይ «አዲስ አበባ ሂድ»። ሁለቱም አንገሽግሾኛል። ነቀምቴ ላይ ለጥርስ ሐኪሞች ተግባራዊ ሥልጠና እንደሚሰጥ ስሰማ፣ የተሰበረ ጥርስ መልሶ መሥራት ሳልማር አልመለስም ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ዴዴሳ

ቁልቁለቱን ጨርሰን ዴዴሳ ስንደርስ ሙቀቱ አላስቀምጥ አለን። ሚኒባሱ ሲቆም ማንጎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ አዴ ጫልቱ፣ አራቱን በሃምሳ ብር ገዝተው አንዱን እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ኛዱ! ብይ የኔ ልጅ።»

ሥራዬን ስነግራቸው ቶሎ ብለው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። «እንግዲያ ነቀምቴ እስክንገባ አልስቅም!» አሉና ያን ጊዜውኑ ሳቁ። እኔ የጥርስ ሐኪሟ የማንጎ ቃጫ በጥርሴ መሃል ተሰክቶ ነቀምቴ ገባሁ።

ነቀምቴ

ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ጨለለቂ ሰፈር ሄጄ አልጋ ያዝኩ። እራቴ በቅቤ የራሰ አንጮቴ ነበር፤ ይህን ሥር የወለጋ ሰው የተሰበረ አጥንት ጠጋኝ ነው ይለዋል፣ እኔም ጥጋና ልማር ስለመጣሁ ሳህኑን ጠራርጌ በላሁት።

አሠልጣኛችን ዶክተር ሰይፉ ከአዲስ አበባ የመጡ አንጋፋ ሐኪም ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ውበት ሥነ ምግባር አስተማሩን። «ታካሚው ያልፈለገው ውበት ውበት አይደለም» ሲሉ ሁላችንም ጭንቅላታችንን ነቀነቅን። ከዚያ በኋላ የፕላስቲክ መንጋጋ ተሰጠንና ሥራ ጀመርን። የፕላስቲኩ ጥርሶች አንዱ ከሌላው ገጥመው የተደረደሩ ናቸው። ስንቱን እንዳበላሸሁ አይጠየቅ፤ ግን እጄ እሺ እስኪለኝ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

የመጨረሻው ቀን

በመጨረሻው ቀን እውነተኛ ታካሚዎች መጡ። የእኔዋ ሀያት ነበረች፤ ከወሎ ሰፋሪ ቤተሰብ አንገር ጉቲን የተወለደች ወጣት። ከሞተር ሳይክል ወድቃ አንዱ የፊት ጥርሷ እስከ ግማሹ ተሰብሯል። እሁድ የታላቅ እህቷ ሠርግ ነው። ስታወራኝ እጇን ከአፏ አላነሳችም።

የጥርስ ቀለም ያለውን ሙሌት በስስ በስሱ ደረብኩ፤ እያንዳንዱን ድርብ በሰማያዊው መብራት አደረቅሁ። እጄ ፕላስቲክ ላይ እንደለመደው ጥርሱን ከጎረቤቱ ጋር አጋጠምኩት። ባልደረቦቼ አደነቁ፤ ዶክተር ሰይፉም ፎቶ አነሱት። መስታወቱን ሰጠኋት። ፈገግ አላለችም። በምላሷ ጥርሶቿ መሃል የሆነ ነገር ፈለገች።

«ፍንጭቴስ?»

«ዘጋሁት። አያምርም?»

«ኧረ በአላህ ዶክተርዬ! እኛ ሦስት እህትማማቾች ሁላችንም ፍንጭት ነን። እሁድ መሃላቸው ስቆም እንግዳ ልምሰል?»

የምገባበት ጠፋኝ። መሞረጃዬን ሳነሳ ዶክተር ሰይፉ ያዝ አደረጉኝ። «ተይው። ጤነኛውን ጥርስ ብትነኪባትስ? ጥሩ ሥራ ነው፤ ትለምደዋለች።»

ፍርሃታቸው እውነት ነበር፤ እኔም ፈርቻለሁ። ቢሆንም «አልተውም፣ ዶክተር። ያልፈለገችውን ነው የሠራሁት፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን» አልኳቸው።

ዶክተር ሰይፉ በርጩማ ሳቡና መብራቱን አስተካከሉልኝ። «እንግዲያው ቀስ በይ። ሙሌቱን ብቻ።»

ሀያት ስልኳ ውስጥ ካለው የድሮ ፎቶዋ ላይ የፍንጭቷን ስፋት አሳየችኝ። ላቤ እየተንጠፈጠፈ፣ ትንፋሼን እየያዝኩ ሞረድኩ። ጤነኛውን ጥርስ አልነካሁትም። እንደገና መስታወቱን ስታይ ምላሷን በፍንጭቷ አሾለከችና ከት ብላ ሳቀች። እጇ ጭኗ ላይ ነበር።

ጊምቢ

ወደ ጊምቢ የተመለስኩት ጥርስ መሥራት ተምሬ ነው። ከዚያ በላይ ግን የሚያምረውን እኔ እንደማልወስን ተምሬያለሁ፤ አሁን ታካሚው ከመጋደሙ በፊት እጠይቃለሁ።

ከሠርጉ ማግስት ሀያት ፎቶ ላከችልኝ። ሦስቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ፎቶውን አጎላሁና የሀያትን ጥርሶች ትክ ብዬ አየኋቸው። የሠራሁት የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ።