ኤሊ ያስገጠመችው ፍጥነት

የዕቃ ማከፋፈያው ግቢ ሠራተኞች «ኤሊ» ይሏት ነበር። ክፋት የለበትም። የኤሌክትሪክ ብስክሌቷ ባትሪ ከማርጀቱ የተነሳ፣ የኋላ ሳጥኗ በጥቅል ሲሞላ በእግሩ የሚሄድ ሰው ዳገቱ ላይ ደርሶባት፣ ጤና ይስጥልኝ ብሏት፣ ጥሏት ይሄዳል። ጠዋት ከበሩ ስትወጣ «ኤሊ፣ እንግዲህ ስትደርሺ ደውይልን» ይሏታል። እሷም «ግድ የለም፣ ስትወድቁ ከመንገድ ላይ የምለቅማችሁ እኔው ነኝ» ትላለች።

ቀልዱን ትችለዋለች። ያልቻለችው የቤቷን ነው። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ወር ሙሉ ድምፁ በስልክ ብቻ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ትንሿን ልጇን የሚያውሉላት አማቷ ናቸው። የሥራው ሕግ የዕለቱን ጥቅል አድርሶ የጨረሰ ወደ ቤቱ ይግባ የሚል ነው። ኤሊ ግን ጨርሳ ስትገባ ልጅቷ ተኝታለች፤ ጠዋት ስትወጣም ገና አልነቃችም። አንድ ምሽት እንደ ዕድል ሆኖ ሳትተኛ ደረሰችባት። ልጅቷ ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ጓዳ ዞራ፣ «እማዬ፣ ሰው መጥቷል» ብላ አያቷን ተጣራች።

አማቷ ነገሩን በሳቅ ሊያልፉት ሞከሩ። ኤሊ ሄልሜቷን እንደታቀፈች እበሩ ላይ ቀረች።

በማግስቱ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ወንድሟ አሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ብስክሌት ይጠግናል።

«አብርልኝ» አለችው።

«ማብረሩስ አይከብድም፤ ማቆሙ ነው ጣጣው» አላት። ከዚያ እንደ ልማዱ ያስረዳት ጀመር። ቮልቱ ከፍ ያለ ባትሪ ብቻውን ቢገጥምላት ኤሌክትሪኩን የሚመጥነው ኮንትሮለር ይቃጠላል፤ ኮንትሮለሩንም ቢቀይር ትንሹ ሞተር ከነጭነቱ ግሎ ይሞታል። ስለዚህ ሦስቱንም ለወጠ። የኋላ ጎማዋን አውልቆ እምብርቱ ላይ ትልቅ ሞተር ያለው ጎማ አስገባ፤ የጎማው ዘንግ በሞተሩ ጉልበት ተሽከርክሮ ሽቦውን እንዳይበጥስ በግራና በቀኝ አንቀው የሚይዙ ብረቶች አሰረ። ፍሬኑንም ጠንከር ባለ የዲስክ ፍሬን ተካው። ራሱ ሞክሮት ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

«እህቴ፣ እናት መሆንሽን እንዳትረሺ።»

«ለእሱ ብዬ እኮ ነው» አለችው።

በዚያ ግቢ ደግሞ አለቆች የማያውቁት አንድ ልማድ ነበር። ቀድሞ የደረሰ ብስክሌተኛ ዕቃውን ያስረክብና ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ስልኩ ላይ «ተረክቧል» የሚለውን የሚነካው የተመደበለት ሰዓት ሲቃረብ ብቻ ነው። ቢሮው ጭነት የሚደለድለው ስልኩ የሚነግረውን እያየ ነውና፣ ጉልበታሙ ደካማውን ከጭነት መብዛት የሚጠብቀው በዚህ ነበር። ይህን ያስተማሯት ጋሼ ናቸው፤ የግቢው አንጋፋ፣ ሥራ ስትጀምር የውስጥ ለውስጡን መንገድ ያሳዩዋት ሰው። ጋሼ አዲሱን ሞተር ጎንበስ ብለው አገላብጠው አዩትና፣ «ሩጪ ልጄ፤ ስልኩን ግን አታስሩጪው» አሏት።

«ጥላ ሥር ልቀመጥ ከሆነማ ለምን አስገጠምኩት ጋሼ? ቀድሜ ቤቴ ልግባ ብዬ እኮ ነው።»

ጋሼ ወደ ብስክሌታቸው ተመለሱ። ኤሊም ሰው ሲያልፍለት ማየት ከብዷቸው ነው ብላ በሆዷ አማቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደደረሰች ትነካለች።

ለጥቂት ሳምንታት ልቧ ቅቤ ጠጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትገባለች፤ ልጅቷን ራሷ ታጥባታለች፣ ጸጉሯን ትሠራታለች። ልጅቷ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለይታ በር ላይ መጠበቅ ጀመረች። አንድ ቀን ጭንቅላቷን በኤሊ ጉልበት ላይ ጥላ «እማዬ፣ አመመኝ እኮ፣ ቀስ» አለቻት። ኤሊ «እማዬ» መባሏን ያልሰማች መስላ ጉንጉኗን አላልታ ቀጠለች።

አንድ ጠዋት ጭነት የሚደለድለው አስተባባሪ ሁሉንም ሰብስቦ አስጨበጨበላት። እሷ ከቻለች ማን ያቅተዋል አለ፤ ያጨበጨቡት እጆች ቶሎ ወረዱ። በሳምንቱ የሁሉም ጭነት ተጨመረ፤ የእሷማ ሳጥኑ አልዘጋ እስኪል ሞላ። ያተረፈችውን ሰዓት ጥቅል ዋጠው። ድሮ ቀስ እያለች ታመሽ ነበር፤ አሁን እየበረረች ታመሻለች። አማቷም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በሩን ይከፍቱላት ጀመር፤ ተኝታለች ማለታቸው ነው።

«ኤሊ» መባሏም ቀረ። ስትመጣ ወሬ ይቋረጣል። አንዱ ብቻ «ክንፍስ አላስገጠምሽም?» አላት፤ ማንም አልሳቀም።

እንደ ምንም ብላ አስተባባሪው ቢሮ ገባች። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦላታል። ጭነቱ ወደ ድሮው ይመለስ ብላ ለመነችው።

«የምትችይውን እኮ ራስሽ አሳይተሽናል» አላት። «አሁን አልችልም ብትይ ማን ያምንሻል?»

እንደ ጋሼ ምክር ስልኩን ማዘግየትም ሞከረች። ጭነቱ ግን አንዴ ተቆልሏልና፣ የዘገየችው ከልጇ ብቻ ሆነ።

ጋሼ በዚያች አሮጌ ብስክሌታቸው አልተቻላቸውም። ከሳጥናቸው ያልደረሰ ጥቅል ይዘው መመለስ አበዙ፤ መጀመሪያ ተመከሩ፣ ቀጥሎ ተገሠጹ፣ በመጨረሻ «ትንሽ ይረፉ» ተባሉ። በዚያ ግቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለች የፍሬኗን መላላት ልታሳይ ወንድሟ ዘንድ ጎራ ብትል፣ ጋሼ ብስክሌታቸውን ገልብጠው ቆመዋል። የእሷ ዓይነት ሞተርና ባትሪ እንዲገጥምላቸው ነው የመጡት፤ ከፈጠኑ እንደሚመልሷቸው ተነግሯቸዋል። ወንድሟ ተንበርክኮ የኋላ ጎማው ዘንግ የሚገባበትን ብረት በጨርቅ ጠረገውና ስንጥቁን በጥፍሩ አሳያቸው።

«ጋሼ፣ ያንን ሞተር ይህ አይሸከመውም። ገና ሲነሳ ነው ቀዶት የሚወጣው። እኔ እርስዎን መቅበር አልፈልግም።»

ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ። «እስቲ አንቺ ንገሪልኝ ልጄ። እሺ ይልሻል።»

ኤሊ ስንጥቁን አየችው። የሳቸውንም እጅ አየች፤ መሪውን እንደጨበጠ ነው።

«እውነቱን ነው ጋሼ» አለች።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብስክሌታቸውን በራሳቸው አቃንተው እየገፉ እበሩ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ለመሆኑ ልጅሽን አሁንስ በጊዜ ታገኚያታለሽ?»

ውጭ የቆመው ሳጥኗ ውስጥ ግማሹ ጥቅል ገና አልደረሰም፤ ጀንበሯም አዘቅዝቃለች። ወንድሟ መፍቻውን አስቀመጠ።

«አገኛታለሁ» አለች።

«እሰይ» አሉ ጋሼ። «እሱስ አንድ ነገር ነው።»