ቁልፍ ያሸነፈ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ቴፒ ያለው ቤቴ ድረስ መጥተው የፓርቲያቸውን ቲሸርት ዘረጉልኝ። «አባባ፣ የአካባቢ ምርጫው እየደረሰ ነው፤ ለሰልፉ ይልበሱልን» አሉኝ። አመስግኜ መለስኳቸው። ልጄ ምክንያቱን ብትጠይቀኝ ዝም አልኳት። ሳስበው ግን ዝምታው በዛ።

ነገሩ የሆነ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከቴፒ ወደ ሚዛን ከሚወስደው መንገድ ገባ ባለች፣ ቡና ባለበሳት ቀበሌ አስተምር ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ አድማሱ የጃንጥላ ምልክት ያለው ፓርቲ ሰው ነበሩ፤ ለአንዲት ማህተም ሁሉም ደጃቸውን ይጠና ነበር። አዲስ ተመድቤ ስመጣ፣ የሚከራይ ቤት እስካገኝ ሁለት ሳምንት ያስጠጉኝም እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ትኩስ ጎደሬ በዳጣ ያቀርቡልኝ ነበር፤ ጎደሬ መብላት የለመድኩት እዚያ ቤት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አቶ አድማሱ ታምራት የሚባለውን አስተማሪ ጓደኛዬን፣ ስብሰባ ላይ ደፍሮ ጥያቄ ስለጠየቀ ሦስት ሳምንት አሳስረውታል። ሰው እንዲህ ነው፤ በአንድ እጁ ያጎርሳል፣ በሌላው ያስራል።

ታምራትና እኔ የቁልፍ ምልክቱን ፓርቲ ደገፍን። ሚያዝያ ነበር፤ ዝናቡ ሳያስፈቅድ ይወርዳል፣ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። ድምፅ በተሰጠ ማግስት ከማሻም ከሸዋ ቤንችም የሚመጡ ሹፌሮች «ቁልፍ እየመራ ነው» እያሉ አለፉ። «ጃንጥላው ታጠፈ!» እያልን ሳቅን። ረፋድ ላይ የእኛም ውጤት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ቁልፍ አሸንፏል። ትናንት የጃንጥላ ቲሸርት የለበሱ ሰዎች ገልብጠው ለብሰውት ከእኛ ጋር ይጨፍሩ ጀመር።

ጭፈራውን ወደ አቶ አድማሱ ቤት ማን እንደመራው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስንደርስ ገጀራ የያዙት የሊቀመንበሩን ቡና ይጨፈጭፉ ጀመር። አባታቸው የተከሉት ቡና፣ ገና አረንጓዴ ፍሬውን እንደያዘ ጭቃው ላይ ተዘረረ። አቶ አድማሱ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

«ልጆች፣ ተሸንፌያለሁ እኮ! ነገ ማህተሙን አስረክባለሁ።»

«ሦስት ሳምንቴንም አስረክበኛ!» ብሎ ታምራት ጮኸ።

ከኋላ የመጣ ዱላ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ተንበረከኩ። ደገሟቸው። ወይዘሮ አስካለ ሊከልሏቸው ላያቸው ላይ ቢደፉ፣ አንዱ በፀጉራቸው ጎትቶ ጣላቸው። ድንጋይ መዝነብ ጀመረ። አቶ አድማሱ ቀና ሲሉ እኔም ወረወርኩ።

ማንም አላዘዘኝም። እኔን አላሰሩኝም፤ አብልተውኛል። ሁሉም ሲወረውር የእኔ እጅ ብቻ ባዶ መሆኑ ያሳፈረኝ ይመስለኛል። ድንጋዩ ግራ ዓይናቸውን ሲያገኘው ድምፁን ሰማሁት። በጣቶቻቸው መሀል ደም ወረደ። ፖሊሶች ደርሰው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ሁላችንም ተበተንን። እኔም በተጨፈጨፈው ቡና መሀል ሮጬ አመለጥኩ።

ዓይናቸው ጠፋ። የእኔን ስም ያነሳ አልነበረም። በሚቀጥለው ምርጫ ጃንጥላ ተመለሰ፤ በተራቸው የእኛን ሰዎች ቤት አቃጠሉ። ታምራትም ክንዱን በዱላ ሰብረውት አገሩን ጥሎ ወደ ጅማ ሄደ። እኔን ግን የነካኝ የለም። ይኸው መትረፌ አላስተኛ ሲለኝ አቶ አድማሱን መንገድ ላይ ጠብቄ አስቆምኳቸው።

«ጋሼ፣ ያን ድንጋይ የወረወርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «በሁለት ዓይኔ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አንተን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«የእኔ ሰዎች እንደሚመለሱ አውቅ ነበር። ስምህን ብጠራ ኖሮ ይገድሉህ ነበር።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም ይቅር በሉኝ አላልኳቸውም። ከዘራቸውን ጭቃው ላይ እየተከሉ፣ መንገዱን በአንድ ዓይናቸው እየፈለጉ ሄዱ።

ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም። ጃንጥላና ቁልፍም ስማቸውን ለውጠው አንድ ፓርቲ ሆነዋል፤ የያኔዎቹ ጠበኞች አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። እኔ አሁንም እመርጣለሁ፤ በማለዳ ወጥቼ እሰለፋለሁ፣ የልቤን ምልክት አድርጌ እመለሳለሁ። ውጤት በሚለጠፍበት ቀን ግን፣ በተለይ የመረጥኩት ያሸነፈ እንደሆነ፣ በሬን ዘግቼ እውላለሁ።