የፊላ እጅ

ትሬንዳፊላን ሁላችንም ፊላ ነበር የምንላት። አርባ ዓመት ሙሉ አጥር የተጋራን ጎረቤቴ ነበረች። ስለ ደግነቷ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ የማወራው ስለ እጇ ነው፤ የእጇን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና።

በመንደራችን የጥልፍ በርበሬ ዘር የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ረዘም ያለ ቀይ በርበሬ ነው፤ ሲበስል ቆዳው ላይ በመርፌ የተጠለፈ የሚመስል ነጫጭ መስመር ያወጣል። ደርቆ የቦሎቄ ድስት ውስጥ ሲገባ ሽታው ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። እናቴ ስዳር በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። ወንድሞቼ መሬቱን ወሰዱ፣ እኔ ዘሩን። ኮራሁበት፤ ምን ይደረግ፣ ሌላ የምኮራበት አልነበረኝም።

ፊላ ከተራራው ማዶ ተድራ በመጣች በሁለተኛ ዓመቷ፣ ለቅዱስ ኒኮላ በዓል ቦሎቄ ሠራች። እኔም ሠራሁ። የእሷ ድስት ተጠርጎ ተበላ፤ የእኔ ግማሹ ተረፈ። ያውም የእሷ የእኔን በርበሬ ሳይነካ! ባሌ ምላድን እንኳ፣ አፈሩን ያቅልልለትና፣ “ራትካ፣ እስቲ ከዚህች ልጅ ተማሪ” አለኝ በሰው ፊት። የተረፈ ድስቴን አንስቼ ወጣሁ።

መጋቢት ላይ መጣች። “እትዬ ራትካ፣ ከጥልፏ በርበሬ ጥቂት ዘር ብትሰጪኝ?”

እኛ ዘንድ ዘር የጠየቀ ባዶ እጁን አይመለስም፤ የከለከለ የራሱ ማሳ ይነጥፋል ይባላል። “ምን ገዶኝ! ነገ ነይ” አልኳት። እንደሄደች ውሃ አፈላሁ። ዘሩን በጨርቅ ቋጥሬ ነከርኩት፤ አውጥቼ ምድጃ ዳር አደረቅሁት። ሲያዩት ምንም አልሆነም። በማግስቱ “ወርቅ እኮ ነው፣ አደራ!” ብዬ ሰጠኋት። ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

በሳጥን ዘርታ መስኮቷ ላይ አስቀመጠችው። በየጠዋቱ ጎንበስ ብላ ታያለች፤ አፈር ብቻ። አማቷ፣ አሮጊቷ ባባ ዶንካ፣ ደግሞ ምላሷ እሳት ነበር፤ ፊላም ገና አልወለደችም። አንድ ቀን በአጥሩ ማዶ ሰማኋት፦ “ሆድሽም ያው፣ ሳጥንሽም ያው! አንቺ የነካሽው ምን ይበቅላል?”

ፊላ ሳጥኑን ከመስኮቱ ስታወርድ አየሁ። ያኔ ሮጬ ሄጄ “ዘሩን የገደልኩት እኔ ነኝ” ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በዓመቱ ደግማ ስትጠይቀኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደግሜ አፈላሁ። አሁን ቢበቅልላት የአምናው ተንኮሌ ይጋለጣላ! በሦስተኛው ዓመትም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተወች። ችግኝ ስንተክል ሴቶቹ “አንቺ ውሃውን አምጪ” ይሏታል፤ አፈር አያስነኳትም። እሷም እየሳቀች “የኔ እጅ ለድስት እንጂ ለአፈር አልተፈጠረም” ትላለች። ሳትወልድ ቀረች። ልጁን የነሳኋት እኔ አይደለሁም፤ “እጇ አያበቅልም” የሚለውን ስም ግን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

የዛሬ አምስት ዓመት ዳሌዬ ተሰብሮ ዋና ከተማው ስኮፕዬ፣ ሆስፒታል ከረምኩ። ስመለስ የዘር ከረጢቴን አይጥ ጨርሶታል። አንዲት ፍሬ አልተረፈችም። የእናቴ ዘር! ተቀምጬ አለቀስኩ። ፊላ ሰምታ በሳምንቱ መጣች፤ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዛለች።

“እትዬ ራትካ፣ እንዳትቆጪኝ። የራስሽ ዘር ነው።”

“የምን ዘር?”

“ያኔ በሦስተኛው ጊዜ አንዲት ብቻ በቅላልኝ ነበር። ባወራ ትሞትብኛለች ብዬ ጣሪያ ሥር፣ መስኮቱ ጋ ደበቅኋት። ከዚያ በየዓመቱ አንድ ማሰሮ ብቻ። ዘሯን ነው የማስቀምጠው፣ በልቼያትም አላውቅ። በይ አንቺው ዝሪው፤ የኔ እጅ እንዳያበላሽብሽ።”

ሠላሳ ምናምን ዓመት! ያን ጊዜ ውሃው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር ማለት ነው። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። መጣና “አንቺ እብድ፣ ቁጭ በይ፣ ሾርባ ላሙቅልሽ” ብዬ ዋጥኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ዘሩን ለብ ባለ ውሃ ነከርኩት፤ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ሙቀቱን በክርኔ እየለካሁ። ሁሉም በቀለ። ሁሉም! መንደርተኛው “የራትካ በርበሬ ተመለሰ” እያለ መጣ። ፊላም ከሰው መሃል ቆማ “እጇ እኮ ነው!” አለች።

ባለፈው የካቲት ሞተች። በአርባዋ ቀን ቦሎቄውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በዚያው በርበሬ። ሴቶቹ እየበሉ አነሷት።

“ደግነቷ! እጇ ብቻ ነበር የማያበቅል፣ ምስኪን” አለች አንዷ።

ሁሉም “እውነት ነው” አሉ። ጭልፋው እጄ ላይ ነበር። ባባ ዶንካ ሞታለች፣ ምላድን ሞቷል፣ እሷም ሞታለች። ብናገር ማን ይቆጣኛል?

“ልጨምርልሽ?” አልኳት ሴትዮዋን፤ ጨመርኩላት።